ወዙ ያልተነካ ሳይክል

ይህን የምታነቡት ምግብ ቀርቦላችሁ እንደሆነ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወይ ምግቡን አንሱት፣ ወይ ንባቡን ተዉት፤ ሁለቱ አብረው አይወርዱም። እንዲያውም ነገሩን መናገር አልነበረብኝም። የማኅበር ገመና ነው፤ የሰው ትዳርም አለበት። ግን ምላሴ ላይ የቀረ ነገር አለ። በውሃ ተጉመጠመጥኩ፣ አልሄደም። በሎሚ አሸሁት፣ አልሄደም። ምናልባት በወሬ ይወጣ እንደሆነ ብዬ ነው።

የጓደኛዬ የደምመላሽ ሳይክል ሰው አበቀለች።

ሰውየው ፈረንሳዊ ነው። መብቀል የጀመረውም ከኮርቻው ነው።

እኛ ድሬዳዋ ውስጥ የድሮ የፈረንሳይ ተራራ ሳይክል የምንሰበስብ ሰዎች ማኅበር አለን። በባቡሩ ዘመን ሙሴ የምንላቸው ፈረንሳዮች ጎማው ወፍራም፣ ማርሹ ብዙ፣ መሪው እንደ በሬ ቀንድ የሰፋ ሳይክል ይዘው ይመጡ ነበር። ስሙን ቬቴቴ ይሉታል፤ እኛም ቬቴቴ እንለዋለን፤ የቀረው የከተማው ሰው የሙሴ ሳይክል ይለዋል። ሙሴዎቹ አገራቸው ገቡ። ሳይክሎቹ በየጓሮው ቀሩ። ዶሮ አደረባቸው፣ የሕፃን ጨርቅ ተሰጣባቸው። ከዚያ እኛ ደረስንላቸው።

አንነዳቸውም። የተነዳ ሳይክል ያልቃል። ተራራውንም በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ከሩቅ እናየዋለን፤ ለማድነቅ ይህ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ግን አናጥባቸውም። ቀለም ይገኛል፣ ጎማ ይገኛል፣ ፍሬንም ተፈልጎ አይጠፋም። የፊተኛው ባለቤት ወዝ ግን አንዴ ከታጠበ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሳይክል የምንመዝነው በወዙ ነው። እጀታው ላይ የደረቀው የመዳፍ ላብ፣ ኮርቻው ስንጥቅ ውስጥ የገባው ጥቁር ነገር፣ ካቴናው ላይ ከቅባት ጋር የተጋገረው አቧራ፣ ይህ ሁሉ ወዝ ነው። አንድ አባላችን ካቴናው ውስጥ የተጨፈለቀች ዝንብ አለችው፤ ሳይክሉ ወደዚህ ሳይመጣ ፈረንሳይ አገር የሞተች ዝንብ ናት። እንግዳ ሲመጣ ቆመን እናያታለን።

የእኔ ሳይክል ፓራፋንጎ፣ የጭቃ መከላከያው ላይ፣ የወፍ ኩስ ነበረ። የፈረንሳይ ወፍ ነው ብዬ ስብሰባ ላይ አጥብቄ ተከራከርኩ። ሊቀመንበራችን ጋሽ ሙክታር አጉሊ መነጽር አምጥተው መረመሩና የሾላ ፍሬ አገኙበት። የአገር ውስጥ ወፍ ነው ብለው ወሰኑ። ፍቄ ጣልኩት። ቅር አላለኝም፤ ሕግ ሕግ ነው።

እኔ ታፈሰ እባላለሁ፤ የማኅበሩ ቀማሽ ነኝ። ድሮ ቅቤ እነግድ ነበር። ሙዝ የገባበትን ቅቤ፣ ሞራ የገባበትን ቅቤ በምላሴ ጫፍ እለያለሁ። አባላት ሳይክል ሲያገኙ ይጠሩኛል። እጀታውን፣ ኮርቻውን፣ ፔዳሉን እልሳለሁ፤ ወዙ የአንድ ሰው ይሁን የሁለት፣ የሙሴው ይሁን የዘበኛው፣ እናገራለሁ። ደስ የሚል ሥራ ነው አልልም። ቀማሽ ግን በሊቀመንበር ፊት አያስመልስም። ጥግ ዞር ይላል፣ ይጨርሳል፣ አፉን ጠርጎ ይመለሳል።

ደግሞ ሳልረሳው፤ በስብሰባችን ላይ ጫት አይቃምም። ቅጠሉ ወዝ ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የምለውን ሁሉ በምርቃና ያየው ነው እንዳትሉኝ።

በዓመት አንድ ጊዜ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ ትርኢት እናደርጋለን። ምንም ያልጎደለው፣ ወዙም የአንድ ሰው ብቻ የሆነ ሳይክል ከተገኘ "ሙሉ" የሚባል ማዕረግ ይሰጠዋል። እስከዚያ ዓመት ድረስ ሙሉ የተባለ ሳይክል አልነበረም። ሁሌ የሆነ ዕቃ ይጎድላል፤ ዕቃው ሲሟላ ደግሞ የሆነ ዘበኛ ነክቶታል። ደምመላሽ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈልገው ይህን ማዕረግ ብቻ ነበር። ሚስቱ እቴነሽ የምትፈልገው ደግሞ ደምመላሽን ነበር። ጠቡ የመጣው ከዚህ ነው።

ሳይክሏን ያገኛት ሙሴ ጋስቶን የሚባል የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ይኖርበት ከነበረ ግቢ ነው። ሽማግሌዎች ሙሴ ጋስቶንን ያስታውሱታል። እሑድ እሑድ ተራራ ይወጣል፤ ሲመለስ ከሰውየው ቀድሞ ሽታው ይደርሳል። ለሰው ሁሉ ውሃ እያወጣ እሱ ውሃን እንዴት እንዲህ ይጠላል እያሉ ይገረሙ ነበር። አገሩ ሲገባ ሳይክሏን መጋዘን ውስጥ ቆልፎባት ሄደ፤ ቁልፉም ጠፋ። በሩ እስኪበሰብስ ድረስ የነካት ሰው የለም። ሐምራዊ ናት። የፕላስቲክ ኮዳዋ እንኳ ከነክዳኗ ማቀፊያዋ ላይ አለች፤ መጠጫ ጡቷ ላይ የጥርስ ምልክት አለ።

ኮርቻውን ስልሰው ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጨው ነበረው፤ ቀጥሎ የከረመ አይብ፣ ትምባሆ፣ ከሥር ደግሞ ራቅ ብሎ እንደ እርጥብ ውሻ ያለ ነገር። ከላይ እስከ ታች አንድ ሰው ነው።

"ንጹሕ ናት" አልኩት ደምመላሽን።

ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ አለቀሰ።

የድሬ ሙቀት ወዝ ያደርቃል። የደረቀ ወዝ ይሰነጠቅና ይረግፋል። አንዳንዱ አባል ቫዝሊን ይቀባበታል፤ ይህ ማጭበርበር ነው። ደምመላሽ የከባድ መኪና ሾፌሮች የውሃ ኮዳቸውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ሲያቀዘቅዙ አይቶ ያውቃል። ሳይክሏን መኝታ ቤት አስገባ፤ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቀዝ የሚለው እሱ ነው። ኮርቻውን፣ እጀታዎቹን፣ ፔዳሎቹንና ኮዳዋን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለላቸው። ጆንያው በደረቀ ቁጥር ውሃ ይረጭበታል። እቴነሽ መጀመሪያ ያማረረችው ስለ ወለሉ ብቻ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ኮርቻው ፀጉር አወጣ።

እቴነሽ መጋረጃ ሰፊ ናት። ጭቅጭቅ አትወድም፤ ሽታ ደግሞ ከጭቅጭቅም በላይ አትወድም። ስልክ ደወለችልኝና ና ጓደኛህ ያረገዘውን እይ አለችኝ። ሄድኩ። ደምመላሽ ጆንያውን በወረቀት ገለጥ አድርጎ አሳየኝ። ፀጉሩ ነጣ ያለ፣ የተጠቀለለ ነው። የራስ ፀጉር አልነበረም።

"ኦሪጅናል ነው?" አለኝ።

ላስኩት። ኦሪጅናል ነበር። ከዚያ ወጥቼ ጥግ ዞር አልኩ። ጥጉ ላይ የእቴነሽ ሬት ተተክሏል፤ ለዚህም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ስመለስ እቴነሽ ባሏን እንዲህ ትለዋለች፦ "ይሄን ላሽ ከምትጠራ ፀጉር አስተካካይ ብትጠራ አይሻልም?"

ደምመላሽ ጆንያውን ያረጥብ ነበር።

ከፀጉሩ ቀጥሎ ፍሬኑ ላይ ጥፍር መጣ። ሥሩ ጥቁር ነው፤ ጭቃውን አስተውለን ስናየው የተራራው ቀይ አፈር ሆኖ አገኘነው። ከዚያ ኮርቻው ቆዳ አወጣ፤ ቆዳው ብጉር አወጣ፤ ብጉሩ ፈነዳ። ደምመላሽ የፈነዳውን በማንኪያ ተቀብሎ በትንሽ ጠርሙስ አስቀመጠው። ኋላ አንድ ነገር ጎድሏል እንዳይባል ነው። ማንኪያው የቤት ማንኪያ ነበር። እቴነሽ ሾርባ መጠጣት ያቆመችው ያን ቀን ነው።

ሰው የሚበቅለው ከነካው ቦታ ነው፤ ይህን ያወቅነው ያኔ ነው። ከኮርቻው መቀመጫ መጣ፣ ከእጀታዎቹ መዳፍ፣ ከፔዳሎቹ የውስጥ እግር። በመካከል ያለው ጭን፣ ጀርባና ክንድ ቀስ እያለ ራሱን አሟልቶ ተገናኘ። ቀኝ ባቱ ላይ ካቴናው የሚያትመው የቅባት መስመር እንኳ አልቀረም። አንገትና ራስ ግን አልመጣም። ሙሴ ጋስቶን ራሱን ሳይክሏ ላይ አሳርፎ አያውቅም። ስለዚህ ሰውየው ትከሻው ጋ ሲደርስ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ቆመ። ደምመላሽ ትከሻው ላይ አቧራ እንዳይሰፍር ከእቴነሽ መጋረጃዎች አንዱን አለበሰው። የሰው ትዕዛዝ ነበር፤ ላዘዘቻት ሴት ሌላ ሰፋችላት።

ጋሽ ሙክታር መጥተው አዩት። የባቡር መካኒክ የነበሩ፣ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ሳይክሏን ሁለቴ ዞሯት፤ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ነው፤ ከክብር የተነሳ ነው ብለዋል። ደምመላሽ የቸገረውን ነገር ጠየቃቸው፤ ራስ የለውም፣ ሙሉ ሊባል ይችላል ወይ?

"ራስ የሳይክል ዕቃ አይደለም" አሉ ጋሽ ሙክታር።

ከዚህ በላይ ግልጽ ውሳኔ ሰምቼ አላውቅም። እቴነሽ ከበሩ ላይ ሆና፣ ታዲያ ቂጥ የሳይክል ዕቃ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሽ ሙክታር ትንሽ አሰቡና በዚህ ጉዳይ ላይ ማኅበሩ እስካሁን አቋም እንዳልያዘ ነገሯት።

አፉ የመጣው ከኮዳዋ ነው። ጡቷን የነከሱት ጥርሶች ቀድመው ወጡ፤ አንዱ የወርቅ ነው። ከዚያ ድድ፣ ከዚያ ከንፈር፣ ከዚያ ምላስ። ምላሱ ነጭ ሽፋን ነበረው። ማቀፊያው ውስጥ፣ ከሰውየው ጉልበቶች መካከል፣ ወደ ላይ አንጋጦ ይተነፍሳል። ሲተነፍስ የመጋረጃው ጫፍ ይወዛወዛል፤ የክፍሉም አየር ይለወጣል። እቴነሽ በመስኮቱ በኩል ወጥታ በሳሎኑ በር ዞራ ገባች። የመኝታ ቤቱ በር የሚያስወጣው በሰውየው ፊት ለፊት ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው "ውሃ" የሚል ነው። በአማርኛ ነው የተናገረው፤ ሙሴ ጋስቶን የገበያ አማርኛ ያውቅ ነበር። ደምመላሽ በብርጭቆ አፈሰሰለት። ውሃው ኮዳዋ ውስጥ ገባና እዚያው ቆመ፤ አንገት ስለሌለ የሚሄድበት የለም። አፉ ውስጥ ሞልቶ በከንፈሩ ዳር ፈሰሰ። ዓይኔን አዞርኩ።

ከዚያ አፉ ሁለተኛ ነገር ተናገረ።

"እጀታዬ ላይ ሌላ ሰው አለ።"

ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ጋሽ ሙክታር፣ ደምመላሽ፣ እቴነሽና እኔ ነን። ጋሽ ሙክታር ወደ እኔ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። የመጋረጃውን ጫፍ አንስቼ ከሰውየው መዳፍ ሥር ምላሴን አስገባሁ። አይቡ አለ፣ ትምባሆው አለ፣ ውሻው አለ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ስስ ሆኖ፣ ከደምመላሽ እጅ የማይጠፋው በርበሬ።

"ደምመላሽ ነው" አልኩ። ዋሽቼ አላውቅም።

ጋሽ ሙክታር በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለተኛ እጅ ያረፈበት ሳይክል ሙሉ አይባልም። ቢሆንም በደንብ የታረመ ሰው ይቅር ይባላል፤ ትርኢቱ እስኪደርስ ጊዜ አለ፤ ሳይክሏ ላይ ያለው በራሱ ይተናል፣ ዋናው ሌላ እንዳይጨመርበት ነው ብለው መከሩት።

ደምመላሽ መታጠብ የጀመረው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

መጀመሪያ ጓንት አደረገ። ጓንቱ ውስጥ እጁ አላበው፤ ላቡ በስፌቱ ወጣ። ጓንቱን ጣለና ሥሩን ለማድረቅ ወሰነ። ጧት በገላ ሳሙና፣ ከሰዓት በልብስ ሳሙና፣ ማምሻውን በእግር ድንጋይ። በርበሬ ተወ፤ ሽንኩርት ተወ፤ ቅቤ ከእነስሙ እንዳይጠራ አለ። ነጭ ሩዝ ብቻ ይበላል፤ ኋላ ሩዙንም ይቆጥበው ጀመር። ለሳይክሏ ጆንያ ሲያረጥብ በረጅም ዱላ ጫፍ ነው። የራሱ ወዝ በራሱ ቤት ውስጥ የትም እንዳያርፍ ወንበር ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ይቀመጣል፤ ሲነሳ ጋዜጣውን ያቃጥላል።

ሙሴው እየወፈረ ሄደ። ሆድ አወጣ፤ ሆዱ መሪው ላይ ተኛ። ጆንያው በእርጥበቱ ቡና ዓይነት ውሃ ያንጠባጥባል፤ ውሃው ወለሉ ላይ ዱካ ሠርቶ ወደ አልጋው ሥር ይገባል። ደምመላሽ ደግሞ በዚያው ልክ መታየቱ ቀነሰ። ከስቶ አይደለም። ልክ በደንብ የተወለወለ መስኮት መስታወት እንዳለበት ሳታውቁ አሻግራችሁ እንደምታዩት፣ ዓይን እሱ ላይ ሲደርስ ያልፈዋል። ሻይ ቤት አብረን ተቀምጠን አሳላፊው "ብቻህን ነህ?" አለኝ። ደምመላሽ ከአጠገቤ ሆኖ ደስ አለው።

እቴነሽ አንድ ቀን ስፌት ቤቷ ጠራችኝ። መኪናዋን አላቆመችም፤ እየሰፋች ነው የነገረችኝ። ይህ ሰው ድሮ ታጠብ ሲባል ነገ የሚል ሰው ነበር፤ ትራሱ ላይ የጭንቅላቱ ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ታትሞ ሳጥብ ነው ዕድሜዬ ያለቀው አለች። አሁን ትራሱ ነጭ ነው። ገላውን ከታጠበ በኋላ ፎጣው ደረቅ ነው። ቀን ተኝቶ ሳለ አናቱ ላይ ቅቤ አድርጋበት ነበር፤ ነቅቶ በልብስ ሳሙና አወረደው። መኪናዋን ያቆመችው የመጨረሻውን ስትናገር ነው።

"አልጋ ውስጥ እጄን ስዘረጋ አላገኘውም፣ ታፈሰ። የማገኘው የዚያን ገማታ ትንፋሽ ነው።"

ያን ቀን ውሃ አፍልታ ነበር። ሳይክሏን ከነሰውየው አጥባ ልትገላገል ባልዲ ሙሉ ይዛ መኝታ ቤት ገባች። ደምመላሽ በመካከል ቆሞ እጁን ዘረጋ፤ መቆሙን ያወቀችው ከድምፁ ነው። የት ጋ እንደቆመ ግን አልታያትም። ውሃው የፈላ ነው። ይዛው ቆማ ቆማ፣ መልሳ ወሰደችው።

እንድለምነው ላከችኝ። ለመንኩት። ደምመላሽ ጋዜጣው ላይ ተቀምጦ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

"ትርኢቱ ይለፍ" አለ። "ከዚያ እቆሽሻለሁ።"

የትርኢቱ ዕለት ሳይክሏን በጋሪ ወደ ከዚራ አመጣናት። ሙሴው ከላይዋ አልወረደም፤ ሊወርድም አይችልም። በመንገድ ላይ ባጃጆች ዞረው ሄዱ። ሥጋ ቤቶቹ ያሉበትን ስናልፍ ዝንቦቹ ሥጋውን ትተው ተከተሉን፤ ባለ ሥጋ ቤቶቹ ቆመው አመሰገኑን። ከዛፎቹ ሥር የቀሩት ሳይክሎች ተደርድረዋል፤ ባለ ዝንቡ አባላችንም የእሱን በጨርቅ ሸፍኖ ቆሟል፤ ከዚህ ሁሉ ዝንብ ጋር እንዳትምታታበት ነው። ሊያይ የመጣው ሰው መጀመሪያ ቀረበ፣ ከዚያ ራቀ፣ ከዚያ በነጠላውና በሸሚዙ ጫፍ አፍንጫውን ይዞ ከሩቅ ቆመ። አንዲት ሴት ይሄ ነገር በሽታ ነው ወይስ ጥበብ ብላ ጠየቀች። ቅርስ ነው አልናት።

ጋሽ ሙክታር ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው ሥነ ሥርዓቱን ከፈቱና ቅመስ አሉኝ። ከመሪው ጀመርኩ። ሆዱ የተኛበትን፣ መዳፉ የያዘውን፣ ኮርቻው ከሰውየው ጋር የተጋጠመበትን፣ ፔዳሉን፣ ከኮዳዋ ከንፈር የሚወርደውን ሁሉ ላስኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ራሴን ተጠይፌ አላውቅም። ግን ጉሮሮዬን ያዝኩት። በርበሬ የትም አልነበረም። አንድ ሰው ነው ብዬ ተናገርኩ።

"ጥርጣሬ እንዳይኖር ባለቤቱንም ቅመስ" አሉ ጋሽ ሙክታር።

ደምመላሽ ከሳይክሏ አጠገብ ነበር። የሚታየው በአብዛኛው ሸሚዙ ነው። እጁን ዘረጋልኝ። እጁን ፈልጌ አገኘሁትና የእጅ አንጓው ላይ ምላሴን አሳረፍኩ።

ጨው አልነበረም። ሳሙናም አልነበረም። ከሳጥኑ አሁን የወጣ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ምላሳችሁን ብታስገቡ፣ ያ ነው። እንደዚያም እንኳ አልነበረም፤ ፕላስቲኩ ራሱ ጣዕም አለው። ሰው ነው ብዬ የማውቀው ነገር ላይ ምላሴ አርፎ ምንም አላገኘም። ያ ሁሉ ወዝ ያላደረገኝን ይህ አደረገኝ። ጥግ ዞር ለማለት አልደረስኩም፤ በሊቀመንበሩ ጫማ ላይ አስመለስኩ።

ጋሽ ሙክታር ጫማቸውን አላዩም። ውጤቱን ጠየቁኝ።

"ምንም" አልኳቸው።

"ሁለተኛ እጅ የለም" ብለው ለሕዝቡ አስታወቁ። "ሳይክሏ ሙሉ ናት።"

ተጨበጨበ። ሰው አፍንጫውን ለቆ ማጨብጨብ ስለነበረበት ጭብጨባው አጭር ነበር። ሲያልቅ የደምመላሽ ሸሚዝና ሱሪ ሣሩ ላይ ወድቀው ነበር፤ ጫማዎቹ ጎን ለጎን ቆመዋል። ጋሽ ሙክታር ባለቤቱ ስሜቱን መቆጣጠር አቅቶት ሄዷል አሉና ወደሚቀጥለው ሳይክል አለፉ።

እቴነሽ ከሰዉ መካከል ወጥታ መጣች። ሸሚዙን አነሳችና ፊቷ ላይ አድርጋ ሳበችው። ሱሪውንም እንደዚሁ። ሁለቱንም መልሳ ሣሩ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"እዚህ ውስጥ ሰው የለም" አለችኝ፤ ቤቷ ገባች።

ሙሉ የተባለ ሳይክል ከባለቤቱ ቤት አይነሳም፤ ደንባችን ነው። ስለዚህ መኝታ ቤቱ የሙሴው ሆነ። እቴነሽ ሳሎን ታድራለች። ማኅበሩ ተራ አውጥቶ ጆንያውን ያረጥባል። አፉ ውሃ ይለምናል፤ እቴነሽ ትሰጠዋለች፤ ቤቷ ያለን የተጠማ ሰው አልከለክልም ትላለች። ውሃው ግን ሞልቶ በከንፈሩ ይፈሳል፤ ወለሉን የምትጠርገውም እሷ ናት።

እንዲህ ሆኖ ቆየ። በቀደም ስልክ ደወለችልኝ። ስሄድ ወደ መኝታ ቤቱ አልወሰደችኝም፤ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። ቁምሳጥኑን ስታነሳ ከጀርባው አንድ የደምመላሽ የፋብሪካ ሸሚዝ ወድቆ አግኝታለች። መታጠብ ሳይጀምር በፊት የለበሰው ነው፤ ጠፋ ብላ የተናደደችበት ነው። ኮሌታው ቡናማ ሆኖ ደርቋል። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ በሳህን ላይ አስቀምጣዋለች። ከእኛው ነው የተማረችው።

"ቅመስልኝ" አለች። እኔን አላየችም፤ ጆንያውን ነበር የምታየው።

ኮሌታውን ላስኩ። በርበሬ አለው። የፋብሪካ ጥጥ፣ የማሽን ዘይት፣ ላብ። ላቡ ወደ መጨረሻው ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ዋጥኩት፤ ጥግ አልዞርኩም።

"የማን ነው?"

"የደምመላሽ ነው።"

"ኦሪጅናል ነው?"

"ኦሪጅናል ነው" አልኳት። እቴነሽ የዱቄቱ በርሜል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጆንያውን መልሳ ሸፈነችው፤ ውሃም ረጨችበት።

ኮሌታ የነካው አንገት ስለሆነ የመጣው አንገት ነው። ከብብቱ በኩል ገና ምንም የለም፤ ተስፋ አለ። አሁን ሳህኑ ላይ እንደ ጉቶ ቆሟል፤ ፂሙ ያልተላጨ፣ አሮጌ የወንድ አንገት ነው፤ በስተቀኝ ያለችውን ኪንታሮት አውቃታለሁ። እቴነሽ አታጥበውም። እስኪበቃው ይቆሽሽ ትላለች።

ስለዚህ ይህን ለማንም እንዳትናገሩ አደራ እላለሁ። በተለይ ለማኅበሩ። ጋሽ ሙክታር ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ሙሉ የተባለ ሳይክል ባለበት ቤት ሁለተኛ ወዝ መጣ ሲባል ከሰሙ ላምባና ጨርቅ ይዘው ይመጣሉ። እቴነሽ መኝታ ቤት ገብታ ለሙሴው ውሃ ስታፈስለት ከከንፈሩ አሁን አይፈስም። ውሃው ኮዳዋ ውስጥ ይጎድላል፤ በዚያው ቅጽበት ጓዳ ውስጥ የደምመላሽ አንገት ዋጥ ያደርጋል። ድምፁ እስከ መንገድ ይሰማል። ስታልፉ ሰምታችሁ ሰው ቢጠይቃችሁ፣ ቧንቧ ነው በሉ።